ማዕበል የሚመታው አለት ለምን አይራቆትም?

በደቡብ ምዕራብ ዌልስ፣ ፔምብሮክሽር በሚባለው አውራጃ፣ ሚልፎርድ ሄቨን የተሰኘ ረጅም የባሕር ሰላጤ ወደ የብስ ጠልቆ ይገባል። ከሰላጤው አፍ ውጭ ያሉት ገደሎች ፊታቸውን ለአትላንቲክ ውቅያኖስ ሰጥተዋል፤ ከፊታቸው ምንም ያልጋረደው ውሃ በሺህ ለሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተዘርግቷል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ኮረብታው ነፋሱን ይከላከላል፣ ውሃውም ረግቶ ይውላል። የባሕሩ ሙቀት በሁለቱም ቦታ ተቀራራቢ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሙላቱ በሚበረታበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት እዚያም እዚህም ከ6 ሜትር ይበልጣል። ባሕሩ ጎድሎ አለቱ ሲገለጥ የሚታየው ነገር ግን ጨርሶ አይመሳሰልም። ከለላ ያለው ዳርቻ ቡናማ የባሕር አረም ተጋድሞበት ድንጋዩ አይታይም። በውጨኛው አለት ላይ ይህ አረም ከናካቴው የጠፋ ያህል ነው። በምትኩ ራሱን ድንጋይ ላይ ለጥፎ በኖራ ግድግዳ ውስጥ የሚኖረው የሸርጣን ዘመድ፣ ባርናክል፣ አለቱን ነጭ አልብሶታል፤ ሙስል የሚባሉ ጥቁር ሰማያዊ ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎሎች በየስንጥቁ ተጨናንቀዋል፤ በመካከላቸው የጎጆ ጣሪያ የመሰለ ሾጣጣ ዛጎል የደፋው ቀንድ አውጣ፣ ሊምፔት፣ ተጣብቋል።

ለዚህ ልዩነት ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው ማብራሪያ ማዕበሉ ደካማውን ነቅሎ ብርቱውን አስቀረ የሚል ነው። ሐሰት አይደለም፤ ግን የጉዳዩን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም። ማዕበል ጠላት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚበረታበት ቦታ ሁሉ ሕይወት የሳሳበት፣ ጸጥታ የሰፈነበት ቦታ ደግሞ ሁሉም የሚመኘው መኖሪያ በሆነ ነበር። በአለታማ ዳርቻዎች ላይ ከ70 ዓመት በላይ የተደረጉ ሙከራዎች የሚያሳዩት ሌላ ነገር ነው። የማዕበል ትልቁ ሥራ መምታቱ ሳይሆን በልቶ አዳሪውንና ተበይውን ማገናኘቱ ወይም ማለያየቱ ነው። ለአንዱ በር ይዘጋል፣ ለሌላው ምግብ ያመላልሳል፤ አለቱ ላይ ማን እንደሚያድር በአብዛኛው የሚወሰነውም በዚህ ነው።

የዱላው ክብደት እንዳይናቅ ግን አስቀድሞ ስለ ጉልበቱ ማውራት ይገባል። ማዕበል ከነፋስ ይወለዳል፤ ነፋሱ ያለ ጋሬጣ የሚጋልብበት ውሃ በረዘመ ቁጥር ማዕበሉ ይገዝፋል። አንድ ዳርቻ ለማዕበል ምን ያህል እንደተጋለጠ ከካርታ ላይ መገመት የሚቻለውም ለዚህ ነው። በካሊፎርኒያ በሆፕኪንስ የባሕር ምርምር ጣቢያ የሠሩት ማርክ ዴኒ ሕይወትን በመካኒክስ ዓይን ካጠኑት ሰዎች አንዱ ናቸው። በእንዲህ ያሉ ጥናቶች መሠረት ማዕበል አለት ላይ ሲሰበር ውሃው በሰከንድ 20 ሜትር ሊወረወር ይችላል፤ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ለመኪና ብዙ አይደለም፤ ውሃ ግን በእኩል መጠን ሲለካ ከአየር 800 ጊዜ በላይ ይከብዳል። ነፋስ ያንኑ ግፊት ለማሳደር ከድምፅ ፍጥነት በላይ መንፈስ ይኖርበታል። ስሌቱን ለሠራው ሰው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 20 ቶን የሚጠጋ ክብደት ይመጣል። ለውሃው የሰጠችው ፊት 5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነች አንዲት ሊምፔትም በየጥቂት ሰከንዱ እስከ 10 ኪሎ ግራም በሚደርስ ጉልበት ልትገፋ ትችላለች ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው አለቱ ተራቁቶ ቢያገኘው አይገረምም ነበር፤ የሚገርመው አለመራቆቱ ነው።

እንግዲህ አረሙን ከውጨኛው አለት ያጠፋው ማን ነው? ተጠያቂው ማዕበሉ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ግን ሊምፔት ላይ ይወድቃል። ይህች ቀንድ አውጣ ባሕሩ ሲጎድል የማትንቀሳቀስ ጠጠር ትመስላለች። ውሃው ሲሸፍናት ወይም እርጥብ ሌሊት ሲሆን ግን ተነስታ ትግጣለች፤ ስትጨርስም በአብዛኛው ወደ ተነሳችበት ነጥብ ትመለሳለች። የዛጎሏ ጠርዝ ከድንጋዩ ጋር ሲፋጭ ኖሮ ልክ በልክ ስለሚገጥም መጋጠሚያው ላይ ቀጭን ቢላ እንኳ ማስገባት ያስቸግራል። ምላሷ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ጥርሶች ጎታይት በሚባል የብረት ማዕድን የተጠናከሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የብሪታንያ ተመራማሪዎች የመሳብ ጥንካሬያቸውን ሲለኩ እስከዚያ ድረስ ከታወቁት ከሕያዋን የተገኙ ቁሶች ሁሉ በላይ ሆኖ አገኙት። በእነዚህ ጥርሶች አለቱን ስትፍቅ ለዓይን የማይታዩትን የአረም ቡቃያዎች አብራ ጠርጋ ትበላለች። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል ባለችው በማን ደሴት ተመራማሪዎች ከአለቱ ላይ ሊምፔቶችን ለቅመው አንድ ሰፊ መስመር ባዶ አደረጉ፤ አረም ታይቶበት የማያውቀው መስመር በቡናማ አረም ተሸፈነ። ማዕበሉ እንደሆነ አልተለወጠም።

ይኸው ነገር ሳይታሰብ በትልቁ ተደገመ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1967 ቶሪ ካንየን የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከእንግሊዝ ኮርንዋል ጫፍ ማዶ ካለ አለት ጋር ተጋጭታ ከ100,000 ቶን በላይ ድፍድፍ ዘይት ባሕር ላይ ፈሰሰ። ባለሥልጣናቱ ዳርቻውን ለማጽዳት ወደ 10,000 ቶን የሚጠጋ ኬሚካል አስረጩ። የዚያን ዘመን የማጽጃ ኬሚካል ከዘይቱ የባሰ መርዝ ስለነበር ሊምፔቶቹን በጅምላ ፈጀ። ወዲያው ማዕበል የሚመታቸው አለቶች አረንጓዴ ለበሱ፤ ቀጥሎም ቡናማው አረም ለዓመታት ሸፈናቸው። ከዚያ አዲስ የተወለዱት ሊምፔቶች ከመጠን በላይ በዙና አረሙን ጨረሱት፤ ምግብ ሲያጥራቸውም ቤታቸውን ትተው በአለቱ ላይ ይሰደዱ ጀመር። ዳርቻው ወደ ቀድሞ መልኩ እስኪመለስ ከ10 እስከ 15 ዓመት ፈጀ። ኬሚካል ያልተረጨበት፣ ዘይት ብቻ የነካው አለት ግን በ2 እና በ3 ዓመት ውስጥ አገግሟል። ከዚህ አንድ ነገር በግልጽ ይወጣል፤ አረሙ እዚያ መብቀል ያቃተው ማዕበሉን መቋቋም ተስኖት አልነበረም፤ ቡቃያው ሳያድግ ስለሚበላ እንጂ።

ማዕበሉን ከናካቴው ነጻ ማውጣት ግን አይገባም። ለመሆኑ ሊምፔት በውጨኛው አለት ለምን በረታች? ፍንጣቂው አለቱን ስለሚያረጥበው ፀሐይና ነፋስ አያደርቋትም፤ ጭቃና ደለል አይደፍናትም፤ ተጋድሞ የሚጠርጋት የአረም ጫካም የለም። በረጋው ዳርቻ እነዚህ ሁሉ ተገልብጠው ስለሚጠብቋት ቁጥሯ ይሳሳል፣ አረሙም ፋታ ያገኛል። ከሊምፔት ጥርስ አምልጦ ያደገ አረም ደግሞ በጣም በተጋለጠው ጫፍ ላይ ቁመቱ በጨመረ ቁጥር የሚጎትተው ውሃ ስለሚበረታ በክረምት ወጀብ የመነቀል ዕድሉ ይሰፋል። ስለዚህ ማዕበሉ አረሙ ላይ በሁለት እጁ ይሠራል፤ በአንዱ ራሱ ይነቅላል፣ በሌላው ለጋጩ ሜዳውን ያመቻቻል። ከሁለቱ ኮርንዋል የመሰከረችው ለሁለተኛው ነው።

ሥጋ በል የሆኑት ጋ ሲደረስ ነገሩ የበለጠ ይጠራል። በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ ሎክ ሃይን የሚባል፣ በጠባብ መግቢያ ከውቅያኖስ ጋር የተገናኘ የጨው ውሃ ሐይቅ አለ። ኪቺንግና ኤብሊንግ የተባሉት የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር ለአሥርት ዓመታት ሲመላለሱበት ኖረዋል። ከሐይቁ ውጭ ማዕበል በሚደበድበው ዳርቻ ትንንሽ ሙስሎች ሞልተዋል፤ በረጋው ሐይቅ ውስጥ ግን በብዙው ቦታ አይገኙም። ውሃው ስላልተስማማቸው ይሆን? ተመራማሪዎቹ ሙስሎችን ከውጭ አምጥተው ውስጥ ሲያስቀምጧቸው ሸርጣኖችና የባሕር ኮከቦች በሉዋቸው፤ በሽቦ ተከልለው የተቀመጡት ግን በሕይወት ቆዩ። ጸጥታው ለሙስል ምቹ ነበር፤ ችግሩ ለሸርጣንም ምቹ መሆኑ ነው። ሸርጣን አድኖ ለመብላት በእግሩ ቆሞ፣ ይዞ፣ ፈልፍሎ መሥራት አለበት፤ ማዕበል በሚሰበርበት አለት ላይ ይህ አይሆንለትም።

እዚያው ሎክ ሃይን ዶግዌልክ በምትባል፣ ባርናክልና ሙስል እየበሳች በምትበላ ቀንድ አውጣ ላይ የተደረገው ጥናት ይህን ነገር በዛጎል ላይ ተጽፎ አሳይቷል። የማዕበሉንና የረጋውን ውሃ ዛጎሎች ጎን ለጎን ያየ ሰው የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። የማዕበሉ ዶግዌልክ አጭር፣ ስስና አፈ ሰፊ ናት፤ ሰፊው አፍ አለቱን ለመጨበጥ የሚበቃ ትልቅ እግር ያስወጣል። የረጋው ውሃ ዶግዌልክ ረዘም ያለች፣ ግድግዳዋ የወፈረ፣ አፏ የጠበበ ናት፤ ሸርጣን ጥፍሩን አስገብቶ ሊሰብራት ያስቸግረዋል። የውጭዋን ወደ ውስጥ ሲያመጧት ሸርጣን ሰበራት፤ የውስጧን ማዕበል ፊት ሲያቆሟት ውሃ ወሰዳት። በኋላ ሪቻርድ ፓልመር የተባሉት በካናዳ የሠሩ ተመራማሪ ነገሩን አንድ እርምጃ ገፉት። ቀንድ አውጣዎቹን ምንም ማዕበል በሌለበት ገንዳ አሳድገው፣ ሸርጣን ወገኖቻቸውን ሲበላበት የነበረ ውሃ አሳለፉባቸው፤ ሽታው ብቻ ዛጎላቸውን እንዲያወፍሩ አደረጋቸው። እኔ ከሁሉ አሳማኝ የምለው ይህን ነው፤ የዛጎሉ ውፍረት መልስ የሰጠው ለሸርጣን ነው፣ ሸርጣኑን የሚያርቀው ወይም የሚያቀርበው ደግሞ ማዕበሉ ነው።

ማዕበል የሚያርቅ ብቻ ሳይሆን የሚመግብም ነው። ሙስልና ባርናክል አንድ ቦታ ተቀምጠው በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን አጣርተው የሚበሉ ናቸው፤ ውሃው ካልተመላለሰ ምግባቸው አይመላለስም። በካናዳዋ ቫንኩቨር ደሴት ዳርቻ ፓልመርና ባልደረቦቻቸው የባርናክልን የመመገቢያ እግሮች ለክተው እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት በረጋ ውሃ ያሉት በማዕበል ካሉት ሁለት እጥፍ ገደማ የረዘመ እግር እንዳላቸው አሳይተዋል። በረጋው ውሃ ምግብን ሩቅ ተዘርግቶ መፈለግ ያስፈልጋል፤ በማዕበሉ ደግሞ ረጅም እግር ይታጠፋል እንጂ አይጠቅምም። ባርናክሎቹን ከአንዱ ወደ ሌላው ቦታ ያዛወሩ ተመራማሪዎችም እንስሶቹ ቆዳቸውን ሲቀይሩ የእግራቸውን ርዝመት ከአዲሱ ውሃ ጋር ሲያስተካክሉ አይተዋል። የአረምም ነገር እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ዋሺንግተን ግዛት ጫፍ ባለችው የታቱሽ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት ማዕበል በሚመታው አለት ላይ የሚመረተው ሕያው ቁስ ከሞቃት አገር የዝናብ ደን እንኳ እንደሚበልጥ አስልቷል። ማዕበሉ ንጥረ ነገር ያድሳል፣ ቅጠሎችን እያወዛወዘ ብርሃን ለሁሉም ያዳርሳል፣ አረም በል የሆኑትን ያርቃል። ባሕር ዘንባባ የሚሉት ክንድ የሚያህል አረም እዚያ የሚኖረው የክረምት ወጀብ ሙስሎቹን ገንጥሎ ባዶ ቦታ ሲከፍትለት ነው፤ ወጀቡ ካልመጣ ሙስሎቹ ተስፋፍተው ያፈናቅሉታል። ጥፋት የምንለው ነገር ለዚህ አረም መኖሪያ ቦታ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚጠራጠር ሰው አይጠፋም፣ ጥርጣሬውም ቦታ ይገባዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ የዳርቻ ሕይወት የሚመራው በማዕበል ሳይሆን በሙላትና በጉድለት አይደለም ወይ የሚል ነው። በእርግጥ በየአለቱ ላይ ፍጥረታት ከላይ ወደ ታች በመቀነት መቀነት የሚደረደሩት በአብዛኛው ከውሃ ውጭ የመቆየት አቅማቸው ስለሚለያይ ነው። ነገር ግን ሙላቱ እኩል በሆነባቸው ሁለት ቦታዎች መቀነቶቹ እኩል አይደሉም፤ ከለላ ባለው ዳርቻ ጠበው ከሙላቱ መስመር አጠገብ ሲቀሩ፣ በተጋለጠው ፍንጣቂው እስከ ደረሰበት በሜትሮች ወደ ላይ ይሳባሉ። የበለጠ የሚያሳምነው ደግሞ ሜዲትራኒያን ነው። በእስራኤል፣ ናታንያ ወይም አሽዶድ የሚኖር አንባቢ እንደሚያውቀው እዚያ ባሕሩ የሚሞላውና የሚጎድለው በሴንቲ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሆኖም በእስራኤል ዳርቻ ያሉት ጠፍጣፋ አለቶች የራሳቸው መቀነት አላቸው፤ በማዕበሉ በኩል ባለው ጠርዛቸው ላይ ቀንድ አውጣ ሆኖ ቱቦውን ከድንጋይ ጋር የሚያጣብቅ ዴንድሮፖማ የተባለ ፍጥረት ከንፈር የመሰለ ዳር ሲገነባ ኖሯል። በቅርብ አሥርት ዓመታት አብዛኛው ሞቷል፤ የሠራው ግንብ ግን አለቱን የሚያረጥበው ሙላቱ ሳይሆን ማዕበሉ እንደነበር ይመሰክራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። አሜሪካዊው ሮበርት ፔን እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በዚያው በዋሺንግተን ግዛት ማዕበል በሚበረታበት በማካ ሰላጤ ከአንድ የአለት ክፍል ላይ የባሕር ኮከቦችን እያነሱ ወደ ውሃ ወረወሩ። ሙስሎች ቦታውን ሁሉ ወረሱት፤ 15 የነበሩት ዝርያዎች ወደ 8 ወረዱ። ወሳኙ አዳኙ ነው፣ ማዕበሉ እዚያው እያለ አዳኙ ሥራውን ይሠራ ነበር፤ ታዲያ ማዕበል አዳኝን ያርቃል የሚለው የት ገባ? እውነት ነው፣ ይህ የባሕር ኮከብ በመቶዎች በሚቆጠሩ መምጠጫ እግሮች አለቱን ስለሚጨብጥ ማዕበል አይበግረውም። ብሩስ ሜንጌ የተባሉት ተመራማሪ በሁለት ውቅያኖሶች ያዩት ነገር ግን መልሱን ይሰጣል። በአትላንቲክ በኩል በሜይን ግዛት በተጋለጡ ጫፎች ላይ አዳኞቹ በማዕበል ስለሚታገዱ ሙስል ይነግሣል፣ ከለላ ባለው ቦታ ደግሞ ይበላል። በፓሲፊክ በኩል በኦሪገን የባሕር ኮከቡ ጫና የሚበረታው በተቃራኒው፣ ሙስል በብዛት በሚያድግበት በተጋለጠው አለት ላይ ነው። ስለዚህ ማዕበል አዳኝን ሁልጊዜ ያርቃል ብሎ መናገር ስህተት ነው። ማለት የሚቻለው የትኛው አዳኝ የትኛው አለት ላይ መሥራት እንደሚችል ማዕበሉ ይወስናል የሚለው ነው፤ መልሱ በየባሕሩ ይለያያል።

ሦስተኛው የሎጂክ ተቃውሞ ነው። ቢል ባለንታይን እ.ኤ.አ. በ1961 በፔምብሮክሽር ዳርቻዎች ላይ ተመሥርተው 8 ደረጃ ያለው የመጋለጥ መለኪያ አሳተሙ፤ መለኪያቸው መሣሪያ ሳይሆን ፍጥረታቱ ራሳቸው ነበሩ። ባርናክልና ሊምፔት የበዛበትን የተጋለጠ፣ አረም የበዛበትን ከለላ ያለው አሉት። እንዲህ ከሆነ ማዕበል ፍጥረታትን ይወስናል ማለት ክብ መዞር አይሆንም ወይ? ለብቻው ቢሆን ይሆን ነበር። ባለንታይን ይህን የመረጡት አለት ላይ የተተከለ መሣሪያ የሚለካው ጥቂት ቀናትን ስለሆነና በትልቁ ወጀብ ጊዜ ራሱ ስለሚሰበር ነው፤ ፍጥረታቱ ግን የዓመታት መዝገብ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በኮምፒውተር የተሠሩ ካርታዎች ፍጥረታቱን ሳያዩ፣ ከዳርቻው ፊት ያለውን ክፍት ውሃና የነፋሱን አቅጣጫ ብቻ አስልተው በአለቱ ላይ ምን እንደሚገኝ በአመዛኙ መተንበይ ችለዋል። ከቦታ ወደ ቦታ የተዛወሩት ሙስሎች፣ ዶግዌልኮችና ባርናክሎችም ክቡን ሰብረውታል።

ነገሩ ከሊቃውንት ክርክር አልፎ በሥራ ላይ ይውላል። ለወደብ የሚሠራ የማዕበል መከላከያ ግንብ አንዱን ፊቱን ለውቅያኖስ፣ ሌላውን ለረጋ ውሃ ስለሚሰጥ በአንድ ድንጋይ ክምር ላይ ሁለት የተለያዩ ማኅበረሰቦች ይሰፍራሉ፤ ከግንቡ ጀርባ የነበረው የተፈጥሮ አለትም ቀስ በቀስ ነዋሪውን ይቀይራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር የዘይት መፍሰስ አደጋ ሲደርስ የሚጠቀምበት የዳርቻዎች ደረጃ ከ1 እስከ 10 ይሄዳል። 1 የሚሰጠው፣ ማለትም ከሁሉ ያነሰ ሥጋት ያለበት የሚባለው፣ ማዕበል የሚመታው አለት ነው፤ ዘይቱን ውሃው ራሱ ያጥበዋል። ከለላ ያለው አለታማ ዳርቻ 8 ይሰጠዋል፤ ዘይቱ በየስንጥቁና በየአረሙ ሥር ለዓመታት ይቆያልና የጽዳት ሠራተኛውና ገንዘቡ ወደዚያ እንዲሄድ ይመከራል። እ.ኤ.አ. በ1967 ኮርንዋል ላይ ኬሚካል ከተረጨባቸው አለቶች ብዙዎቹ በዚህ መዝገብ ቢመዘኑ የሚያገኙት ቁጥር 1 ነበር።